የጋሽ ድሪባ ሁለት ወንበር

የእድራችን ጥሩንባ ነፊ በሱቄ በር ሲያልፍ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። «አቶ ድሪባ ቶሎሳ ዐርፈዋል፤ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት!» ሲል እጄ ላይ የነበረው ስኳር ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ስኳር የምትገዛኝ ሴትዮ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የትኛው ድሪባ? ያ ባለ መኪናው?» አለችኝ። አይ ሰው! ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ንብረት ሲጠብቅ ኖሮ፣ ልጆቹን አስተምሮ ድሮ፣ ለእድሩ ድንኳን አስገዝቶ፣ ለመንደሩ ቧንቧ አስገብቶ፣ ሲሞት «ባለ መኪናው» ሆኖ ቀረ። ደግሞ መኪና ከተባለ!

ሙት አይወቀስም የሚሉት ነገር እኔ ዘንድ አይሠራም። ጋሽ ድሪባን በሕይወት እያለ ፊት ለፊት ስወቅሰውና ስስቅበት የኖርኩ ሰው ነኝ። የኔን ግቢና የሱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱ እዚያ ሲያስነጥስ እኔ እዚህ «ይማርህ» እላለሁ። አሁን ሞተ ብዬ ምላሴን ብሰበስብ፣ እሱ ራሱ ከመቃብሩ ቀና ብሎ «አስቱ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?» ይለኛል። ስለዚህ እንደለመድኩት ነው የማወራው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ጋሽ ድሪባ እዚሁ አምቦ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ። ጡረታ ሲወጣ ቢሮውን አፉ ውስጥ ይዞት ነው የወጣው። «እንዴት አደርክ ጋሼ?» ስትሉት «በአሁኑ ሰዓት በጥሩ ሁኔታ ላይ እንገኛለን» ይላችኋል። ብቻውን ቆሞ «እንገኛለን»! ሚስቱ እትዬ ብርቄ የሠራችው ወጥ ጨው ካነሰው «የአፈጻጸም ክፍተት ታይቷል» ብሎ ይበላል። ምሳ ደረሰ ወይ ብሎ የሚጠይቀው በመቶኛ ነው፤ እሷም ለምዳበት «ዘጠና ከመቶ፣ እጅህን ታጠብ» ትለዋለች።

አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ይሄን ካልተናገርኩ እግዜር ይታዘበኛል። «አይ» ማለት አይችልም ነበር። ፈጽሞ! ጃንጥላህን ስጠኝ ያለውን ሰው ጃንጥላውን ሰጥቶ በዝናብ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ነገር ደግሞ የጀመረው ገና በሠርጉ ቀን ነው። እትዬ ብርቄ የጊንጪ ልጅ ናት። ያኔ ሙሽሪትን ከጊንጪ ወደ አምቦ ያመጧት በእህል ጭነት መኪና፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ነው። ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ሲሉ የሱ አክስት ወገቤን ያመኛል ብለው መሐላቸው ገቡ። አክስትን «አይ» ይባላል? አልተባለም። ሙሽራው መንገዱን ሁሉ ሙሽሪቱን በአክስቱ ትከሻ ላይ እያሾለቀ ነው ያያት።

አምቦ ሲደርሱ ታዲያ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ «አንድ ቀን መሐላችን ሰው በማይገባበት መኪና ወንጪ እወስድሻለሁ፤ ሐይቁን ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ» አላት። ይሄን የነገረችኝ እሷው ናት፣ እየሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሙሽራ የገባው ቃል ሁሉ ቢፈጸም አገሩ ገነት በሆነ ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጋሽ ድሪባ አልረሳም።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ አንድ ቅዳሜ ከጊንጪ የመጣ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ከላዩ ላይ በገመድ ተጠፍሮ የተኛ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የተበላሸ የእህል ወፍጮ መስሎኝ ነበር። አወረዱት። ጣሪያ የለው፣ መስተዋት የለው፣ ወለል የለው። ጊንጪ ውስጥ የአንድ ሟች ሰውዬ የእህል መጋዘን ጥግ ስንት ዘመን ሲዝግ የኖረ የጣልያን ሥሪት ነው አሉ። በሩን ሲከፍቱት በሩ ብቻውን ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ከወንበሩ ሥር የዶሮ ጎጆ ወጣ፣ ከነላባው።

«ምንድነው ይሄ ጋሼ?»

«ስፖርት መኪና ነው» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«የሚሮጠው እሱ ነው ወይስ አንተ ነህ?»

አልሰማኝም። እየዞረ ይዳብሰዋል። እኔም ዞሬ አየሁትና የገረመኝ ዝገቱ አልነበረም፣ ወንበሩ ነው። ሁለት ወንበር! አንድ ለነጂው፣ አንድ ለሌላ ሰው፣ አለቀ። ከኋላ ያለችው ጉድጓድ የሕፃን ልጅ መቀመጫ እንኳ አትሆንም። «ታዲያ ሌላው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት። ጋሽ ድሪባ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «ሌላ ሰው የለም አስቱ። በዲዛይኑ ሌላ ሰው አልታቀደም» አለኝ።

እንግዲህ ይሄ የሚባለው አምቦ ላይ ነው። እኛ አገር ባለ መኪና ባዶ ወንበር ይዞ በሰው ፊት ካለፈ ስሙ ጠፋ ማለት ነው። ባጃጅ ላይ እንኳ አራት ሆነን ተቀምጠን አምስተኛ ሰው ከመጣ «ጠጋ ጠጋ» እንላለን እንጂ ሞልቷል አንልም። ሁለት ወንበር ብቻ አድርጎ መኪና የሠራ ጣልያን ጎረቤት የሌለው፣ እድር የሌለው፣ ክርስትና ያላነሣ ሰው መሆን አለበት።

ጓሮው ጋራዥ ሆነ። ቶላ የሚባል በያጅ በየቅዳሜው መምጣት ጀመረ። ቶላ ብየዳውን ሲለኩስ የኔ ማቀዝቀዣ ይጠፋል፤ እኔ በአጥሩ ላይ እሳደባለሁ፣ ጋሽ ድሪባ «የኃይል አቅርቦት ችግር ነው፣ ከሚመለከተው ጋር እየተነጋገርን ነው» ይለኛል። የሚመለከተው ማነው? እሱ ነዋ! ላሜራ ጠፋ ተባለና የመኪናው ወለል ከተቀደደ የዘይት በርሜል ተሠራ። ከሁለተኛው ወንበር ፊት፣ እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ «የምግብ ዘይት» የሚለው ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል።

ዝገቱን የሚፍቀው ግን ራሱ ነበር። የድሮ የቢሮ ኮቱን ለብሶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከጠዋት እስከ ማታ ይፈትጋል። ዝገቱ ፊቱ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ ሻዩ ውስጥ ገባ። ካጠቡት ነጭ ሸሚዝ ሁሉ ቡናማ ውኃ ይወጣ ነበር። እትዬ ብርቄ አንድ ቀን አላጉረመረመችም። የልብስ ማስጫዋን ወሰደባት፣ ዝም። የጎመን መደቧን ለጎማ ማስቀመጫ አደረገው፣ ዝም። እኔ በሷ ቦታ ብሆን መኪናውንም እሱንም ጭኜ ወደ ጊንጪ እመልሳቸው ነበር።

ደግሞ መልክ አሳምራለሁ ብሎ ያደረገውን ብታዩ! ሞተሩን ከአሮጌ ላዳ ታክሲ አምጥቶ አስገባበት። የኛ መንገድ ጉብታው ብዙ ነው፣ ሆዱ ይፋተጋል ብሎ ከሚኒባስ የወጣ ሞላ ከኋላ አስገጠመለት፤ መኪናው መቀመጫውን ሰቅሎ አፍንጫውን መሬት ደፍቶ ቀረ። ጣሪያው ከእህል መሸፈኛ ሸራ ተሰፋ፤ ዝናብ ሲነካው ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ቀለሙን ቀይ ነው የማደርገው ሲል ከርሞ በመጨረሻ የመሥሪያ ቤት በር አረንጓዴ ቀባው። ቀለሙ ከየት እንደመጣ አልጠየቅነውም። ብቻ የድሮ መሥሪያ ቤቱ በሮች በዚያ ዓመት ሳይቀቡ ቀሩ።

አንድ ቀን ደግሞ በአጥሩ ሳይ እትዬ ብርቄን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በሜትር ይለካታል። እሷ አጭር ናት፤ አንገቷን ብታስረዝምም ዓይኗ ከፊት መስተዋቱ ጠርዝ በላይ አይወጣም። ወንበሯን ነቅሎ ከሥሩ የዋንዛ እንጨት አስገባበት። እንደገና አስቀመጣት። «አሁን ይታይሻል?» «ምኑ?» «ሐይቁ ነዋ!» ፊት ለፊቷ ያለው የኔ የቆርቆሮ አጥር ነበር። «ቁልጭ ብሎ ይታየኛል» አለችው።

«ጋሼ፣ ስንት ደረሰ?» እለዋለሁ። «ሰማንያ ከመቶ።» ዓመት ያልፋል። «አሁንስ?» «ሰማንያ ከመቶ።» «ባለፈው ዓመትም ሰማንያ ነበር እኮ!» ስለው ኮስተር ብሎ «ያ የዕቅዱ ነው፣ ይሄ የአፈጻጸሙ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው መጠየቅ ተውኩ።

በመጨረሻ ሁሉም ነገር አለቀና አንድ ነገር ጎደለ፤ ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ። የላዳው ሞተር ሲመጣ ያለሱ ነው የመጣው። ያለ ሞተሪኖ መኪና ካልተገፋ አይነሣም። ሰፈራችን ደግሞ ሜዳ ነው፣ ቁልቁለት የሚባል የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪገኝ ይጠብቃል። ጋሽ ድሪባ ግን «ቀሪ ሥራዎች ጎን ለጎን ይከናወናሉ» ብሎ ምርቃት ጠራ።

ምርቃቱ ዕለት ጥብጣብ ተዘረጋ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልዴ መጥተው ጸበል ረጩ። እትዬ ብርቄ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አሥራ፣ በሩን ይዛ ቆማለች። ጥብጣቡ ተቆረጠ። «ዲባ! ግፉ!» ተባለና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከኋላ ገብቶ ገፋ። እኔም ገፋሁ። መኪናው አስነጠሰ፣ ጮኸ፣ ጭሱን ፊታችን ላይ ለቀቀውና ተነሣ! ጭብጨባው፣ እልልታው! እትዬ ብርቄ ልትገባ አንድ እግሯን ስታነሣ አባ ወልዴ መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተው «ድሪባ ልጄ፣ ጉደር የምጠይቀው በሽተኛ አለኝ። እግዚአብሔር ነው ያመጣህ» አሉና ገብተው ቁጭ አሉ።

ጋሽ ድሪባ አባ ወልዴን አየ፣ ሚስቱን አየ። እትዬ ብርቄ ፈገግ ብላ «ኧረ ግድ የለም፣ በሽተኛ ይቀድማል» አለችና ቀሚሳቸው እንዳይያዝ አስተካክላ በሩን ዘጋችላቸው። ካህኑ ከዋንዛው እንጨት በላይ ተቀምጠው አገሩን ሁሉ ቁልቁል እያዩ ወደ ጉደር ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ፤ የገፋ ይሄዳል። ፍትሕ አይደለም እንዴ? ሳንገፋው የማይነሣ መኪና የኛም ነው። ዛሬ የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ፉፋ ስብሰባ አላቸው፣ እሳቸው ይሄዳሉ። ነገ የጎረቤት ልጅ ፈተና አለው። ከነገ ወዲያ ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል ትደርሳለች፤ እሷንስ ማን «አይ» ይላል? እኔም ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ? ገፍቻለሁ፣ ወገቤ ምስክሬ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ሁለቱ ሙሽራ መስለው ሲወጡ እኔ ገበያ ልሄድ በራቸው ላይ ከሽንኩርት ጆንያዬ ጋር ቆሜያለሁ። ምንም አላልኩም! እትዬ ብርቄ ራሷ ናት «አስቱዬ ይሄን ተሸክመሽ?» ብላ የወረደችው። እንዲህ እንዲህ እያለች ከኔ ሽንኩርት ጋር እንኳ ተወዳድራ ተሸነፈች።

መኪናው አምቦን፣ ጉደርን፣ ጊንጪን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ተሳፈረበት፣ እሷ ቀረች። ራቅ ብላ የሄደችበት መንገድ ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ነው፤ እዚያ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቆማል፣ ትወርዳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ትመለሳለች። «ብርቄ ቅድስት ናት» እንል ነበር። ወንበሯን የሚለቅልህን ሰው ቅድስት ማለት ደግሞ ምን ያስወጣል? ምንም።

አንድ ቀን ጋሽ ድሪባ በአጥሩ ጠራኝ። መቶኛ የለ፣ አፈጻጸም የለ፣ ድምፁ ልዩ ነበር።

«አስቱ፣ ይሄ ነገር አልሆነም።»

«ምኑ?»

«ብርቄ ጉልበቷ እየከዳት ነው። ሐኪሙ ብዙ አትራመድ ብሏታል። ዘንድሮ ወንጪን ካላየች አታየውም።»

«ታዲያ አንድ ቀን 'አይ' በላቸዋ!»

«እንዴት ተብሎ?»

የምሩን ነው የጠየቀኝ። «'አይ' ይባላል። በል እስቲ ሞክረው» አልኩት። «አይ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ጎበዝ! ጮክ በል!» «አይ!» ከዚያ ጥቂት አሰብ አደረገና «ግን ለምሳሌ አባ ወልዴ ቢሆኑስ?» አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ሱቄ ገባሁ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄደ። ምናለሽ ተራ ገብቶ ስንት ክምር ብረት እንዳገላበጠ እንጃ፤ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዟል። ቶላ መጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ማቀዝቀዣዬ ጠፋ። እኔ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ምንም አልገባኝም።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ እንደ ልማዳችን በሩ ላይ ተሰበሰብን። ኦቦ ፉፋ ነበሩ፣ ሌሎችም ነበሩ፣ እኔም ከጆንያዬ ጋር ነበርኩ። እጅጌያችንን ሰብስበን ከመኪናው ኋላ ገባን። ጋሽ ድሪባ መሪውን ይዞ፣ እትዬ ብርቄ ጎኑ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። «ዲባ! ዲባ!» ብለን ልንገፋ ስናጎነብስ ጋሽ ድሪባ ቁልፉን አዞረ። እህህህ አለና ተነሣ! በራሱ! ለካ ያ በጋዜጣ የተጠቀለለው ሞተሪኖ ኖሯል! ሁላችንም እጃችንን እንደዘረጋን አየር ገፍተን ልንደፋ ነበር። መኪናው ሄደ። እኛ ቆምን።

ወይ ንቀት! ኦቦ ፉፋ «ምን ማለት ነው ይሄ? ያለኛ?» ብለው ጮኹ። ተከትለን ወደ አስፋልቱ ሮጥን። እዚያ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? አባ ወልዴ! ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው መሐል መንገድ ገብተዋል። በሉ አሁን አለቀለት፣ ይቆማል አልን። የኋላው ቀይ መብራት በራ፣ መኪናው አዘገመ፣ አባ ወልዴም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ጠጋ አሉ። ከዚያ ቀዩ መብራት ጠፋ። መኪናው አጓርቶ በፊታቸው እልም አለ! የንስሐ አባቱን! ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ አቧራ ለብሰው ቀሩ።

አንዱ ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ማታውኑ አገር አየው። ጊንጪ ያለች እህቴ ሳትቀር ደውላ «ያ የእናንተ ሰውዬ አበደ እንዴ?» አለችኝ። እነሱ ከወንጪ የመጡት ሊመሽ ሲል ነው። ጣሪያው ተገልጦ፣ መኪናው ጭቃ ለብሶ፣ እትዬ ብርቄ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ ሻሿ የለ፣ ፀጉሯ ቆሟል። ሰላምታ ሰጡን። ማንም «ነጋ ነው፣ ደህና» ብሎ አልመለሰላቸውም።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እድሩ አዳራሽ ውስጥ። ሰው ሞልቷል። ኦቦ ፉፋ «ድሪባ፣ ካህን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድን ከየት አመጣኸው?» አሉት። እትዬ ብርቄ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። ጋሽ ድሪባ ግን ቀደመና ብድግ አለ።

«ፍሬን ነው» አለ። «ፍሬኑ አልይዝ አለኝ። ቴክኒካዊ ችግር ነው። ያሰርኩት ራሴ ነኝ፣ ቶላም ማንም የለበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሄዶ አባ ወልዴ እግር ላይ ወደቀ።

አባ ወልዴ ደነገጡ። «ፍሬን በሌለው መኪና ነው እንዴ እስካሁን ጉደር ስታመላልሰኝ የነበረው?» አሉ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የተሳፈረ ሁሉ ነፍሱ አሁን የወጣች መሰለው። እኔ ራሴ ከሽንኩርቴ ጋር የተሳፈርኩትን አስቤ አማተብኩ። ሽማግሌዎቹም ፈረዱ፤ ይቅርታው ይደረግለት፣ ግን ነፍስ ሳያጠፋ ያን መኪና ሁለተኛ እንዳይነዳ መስቀል ይሳም። ጋሽ ድሪባ ከአባ ወልዴ እግር ሥር ተነሣ። ያን ሁሉ ዓመት የፋቀው ዝገት ፊቱ ላይ ያለ ይመስል በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ መስቀሉን ሳመ።

መኪናው ጓሮ ገብቶ ቆመ። ስሙ ግን መዞሩን አላቆመም፤ «ፍሬን አልባው» ተባለ። እኔ ነኝ ያወጣሁለት፣ ይያዝልኝ። ገበያ ሲወጣ ባጃጆቹ «ጋሼ ፍሬን!» ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ሰው ከፊቱ ዞር እያለ «መንገድ ስጡት፣ አይዝለትም» ይላል። አንድ ቀን አልተቆጣም። «ተገቢ አስተያየት ነው» ይላል፣ ያልፋል። ፍሬኑን አሠርተህ ለምን እንደገና አትጠይቃቸውም ስለው «ጉዳዩ ተዘግቷል» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን ያጥበው ነበር። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ደግሞ ሸራውን ገልጠው ሁለቱ ይቀመጡበታል። ሁለት አሮጌዎች፣ በቆመ መኪና! ሳቃቸው በአጥሩ ይመጣል። «የት ደረሳችሁ?» ብዬ እጮኻለሁ። «ሰማንያ ከመቶ!» ይለኛል እሱ። እሷ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት አይገባኝም ነበር፤ ባሏ የአገር መሳቂያ ሆኖ።

እንዲህ እያለ ኖረና ጥሩንባው በተነፋበት በዚያ ማክሰኞ ሞተ። ቀበርነው። አምቦ ወጥቶ ቀበረው፣ ጉደርም መጣ፣ ጊንጪም መጣ። የተሳፈረበት ሰው ሁሉ ነው የመጣው። አለቀስኩ፤ ደግሞ በጣም ነው ያለቀስኩት። ማን ላይ ልስቅ ነው ከእንግዲህ?

በሣልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። እትዬ ብርቄ ፍራሽ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ዙሪያዋን፣ ኦቦ ፉፋና አባ ወልዴ ፊት ለፊት። አባ ወልዴ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ሊያጽናኗት ብለው «ድሪባ ደግ ሰው ነበር። ያ ፍሬን ባይከዳው ኖሮ እኔን አልፎ የሚሄድ ሰው አልነበረም» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አንዳንዱም ሳቁን በነጠላው ሸፈነ፣ አልዋሽም።

እትዬ ብርቄ ቀና አለች።

«ፍሬኑ አልከዳውም፣ አባ» አለች።

ኦቦ ፉፋ «ኀዘን ነው፣ ተዉአት» ብለው አጉረመረሙ።

«ኀዘን አይደለም። ፍሬኑ ደህና ነበር። እርስዎን ገና ከሩቅ እንዳየ ያዘው፤ መኪናው ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም እንደ ልማዴ እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ። ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ጉልበቱን ጭምድድ አድርጌ ይዤ 'ኦፊ! ንዳ! ዛሬ ከወረድኩ ሁለተኛ አልወጣም' አልኩት። ዞሮ አየኝ። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሽማግሌ ፊት ልናገር ነበር፣ ቀደመኝ። ቤት ስንገባ አለቀስኩበት። 'መኪናው ይቅር፣ ያንቺ ስም አይነሣ' አለኝ። እናንተ ስትስቁበት እኔ ለመናገር በተነሣሁ ቁጥር 'ሆድ ይፍጀው' ይለኛል። አሁን የሚከለክለኝ የለም።»

ሁሉም ወደኔ የሚያይ መሰለኝ፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኛ። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። አባ ወልዴ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና «ልጄ፣ ይሄ እንግዲህ ንስሐ ያስፈልገዋል» አሏት፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ይስጡኝ አባ፣ እቀበላለሁ። ጾምም ከሆነ እጾማለሁ» አለች እትዬ ብርቄ። «ግን ተጸጸትሽ ወይ ብለው እንዳይጠይቁኝ። እርስዎን አቧራ አልብሰን ስናልፍ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»